ደግነት ይለካልን? የሐራሬ አያቶችና የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከመጀመሪያዎቹ የላቦራቶሪ ሰዓታት ጀምሮ ከሚማራቸው ነገሮች ዋነኛው፣ መለካት ማለት ቁጥር ማንበብ ብቻ አለመሆኑን ነው። የፔንዱለምን የመወዛወዣ ጊዜ በእጅ ሰዓት የያዘ ተማሪ፣ ያገኘው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን፣ ቁጥሩን ያመጣው ፔንዱለሙ ራሱ ይሁን የጣቱ መዘግየት ካልጠየቀ ገና ለካ አይባልም። ይህ የጥርጣሬ ልማድ ለብረት፣ ለብርሃንና ለኤሌክትሪክ ብቻ የተፈጠረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የሰው ኀዘን፣ ጭንቀትና መጽናናት ግን ከሳይንስ ሚዛን ውጭ ያሉ፣ ለጸሎት፣ ለግጥምና ለምክር የተተዉ ነገሮች ተደርገው ይታያሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ታሪክ ይህን አስተሳሰብ የሚፈትን ነው። ቦታው የዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ሲሆን፣ ባለታሪኮቹም አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪምና በዕድሜ የገፉ የሰፈር እናቶች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዛሬ «የወዳጅነት አግዳሚ» በመባል የሚታወቀውን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት አቆሙ። ሆኖም ታሪካቸው ለሳይንስ ተማሪ ትልቅ ትምህርት የሚሆነው ደግ ሥራ ስለ ሠሩ ብቻ አይደለም፤ ሥራቸው በእርግጥ ሰውን የሚረዳ መሆን አለመሆኑን እንዲፈተን ፈቃደኞች ስለ ሆኑም ጭምር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሐኪምና አሥራ አራት አያቶች

ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠሩ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከታተሏት የነበረች አንዲት ወጣት ራሷን አጠፋች። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ በአደባባይ ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ወጣቷ ለሕክምና ወደ ሐራሬ እንድትመጣ ከቤተሰቧ ጋር ተስማምተው ነበር። ይሁንና ቤተሰቡ ለአውቶቡስ የሚከፍለው 15 ዶላር ስላልነበረው ሳትመጣ ቀረች። ሕክምናው ነበረ፤ ሐኪሙም ነበሩ፤ በሕመምተኛዋና በሐኪሟ መካከል የነበረው ርቀት ግን የአንድ መሳፈሪያ ዋጋ ያህል ሰፊ ሆኖ ተገኘ።

ያ ዓመት ለሐራሬ ድሆች ከባድ ነበር። መንግሥት «ሙራምባትስቪና» በሚል ስያሜ ባካሄደው ዘመቻ የከተማ ደሳሳ ቤቶችና የጉልት ገበያዎች ፈርሰው፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምት 700,000 ያህል ሰዎች መኖሪያቸውን ወይም መተዳደሪያቸውን ወይም ሁለቱንም አጥተዋል። ምባሬ የተባለው ጥንታዊና የተጨናነቀ ሰፈርም የዚህ መከራ ተካፋይ ነበር። ዶክተር ቺባንዳ በ2006 በምባሬ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ለመጀመር ሲነሡ ክፍል አልተገኘም፤ ነርሶቹም በሌላ ሥራ ተጠምደው ነበር። የተሰጣቸው ነገር ቢኖር ከክሊኒኩ ውጭ ያለው ግቢና አሥራ አራት አያቶች ብቻ ነበሩ።

እነዚህ አያቶች በሰፈሩ ቋንቋ በሾና «አምቡያ ኡታኖ»፣ ማለትም «የጤና አያቶች» ይባላሉ። ከከተማው ጤና መምሪያ ጋር የሚሠሩ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ የሚያስተምሩ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ናቸው። ትምህርታቸው ከመጀመሪያ ደረጃ ብዙ የማይዘልቅ፣ ሥነ ልቦናን በመጽሐፍ ያልተማሩ ቢሆኑም ሰፈሩን ያውቁታል፤ ሰፈሩም ያውቃቸዋል። የተማረው የሰው ኃይል ወደ ውጭ አገር በሚፈልስበት ዘመን እነርሱ የትም አይሄዱም።

እስቲ ጉዳዩን በፊዚክስ ትምህርት እንደምናደርገው በግምታዊ ስሌት እንመልከተው። በዚያን ጊዜ በዚምባብዌ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአሥራ ሁለት ብዙም አይበልጡም ነበር፤ የአገሪቱ ሕዝብ ደግሞ ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከመቶ ሰዎች አምስቱ ብቻ ችግራቸውን የሚያዳምጥ ሰው ይሻሉ ብለን እናስብ። ይህ 600,000 ሰው ይሆናል። እያንዳንዱ ስድስት ጊዜ ቢመላለስ 3.6 ሚሊዮን ቀጠሮ ያስፈልጋል። አሥራ ሁለት ሐኪሞች በቀን ስምንት ሰው፣ በዓመት 250 ቀን ቢያነጋግሩ በዓመት የሚሸፍኑት 24,000 ቀጠሮ ነው። እንግዲህ የአንድ ዓመቱን ፍላጎት ለመሸፈን 150 ዓመት ይፈጅባቸዋል ማለት ነው። ከመቶ አምስት ያልነው ለስሌቱ ብቻ የወሰድነው ግምት ነው፤ ነገር ግን ግምታችን በእጥፍ ቢሳሳት እንኳ መደምደሚያው አይለወጥም። ሐኪሞችን በጥቂቱ በመጨመር ብቻ የማይሞላ ክፍተት ነው። ሥራው ወደ ሌላ ሰው እጅ መተላለፍ ነበረበት።

ስም ማውጣትም የመለካት አካል ነው

ሐኪሙ በመጀመሪያ ወንበሩን «የአእምሮ ጤና አግዳሚ» ብለው ሊጠሩት አስበው ነበር። አያቶቹ ግን እንዲህ በተባለ ወንበር ላይ ማንም እንደማይቀመጥ ነገሯቸው። «እብድ ተባልኩ» ብሎ ከሰፈር ዓይን የሚሸሽ ሰው በአደባባይ እንዴት ይቀመጥበታል? በእነርሱ ምክር ስሙ «የወዳጅነት አግዳሚ» ሆነ። የበሽታውንም ስም በተመለከተ ከውጭ የመጣውን የሕክምና ቃል ትተው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን «ኩፉንጊሲሳ» የሚለውን የሾና ቃል ያዙ። ትርጉሙ «ሐሳብ ማብዛት» ማለት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም፤ በእኛም ዘንድ «ሐሳብ በዛበት»፣ «በሐሳብ አለቀች» የሚባለው አነጋገር ከዚያ እጅግ የራቀ አይደለም።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ማንኛውም የመለኪያ መሣሪያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከሚለካው ነገር ጋር መስማማቱ መረጋገጥ አለበት። የሰውነት ሙቀት ለመለካት የተሠራ ቴርሞሜትር የቀለጠ ብረትን ሙቀት አይለካም። በአንድ አገር ቋንቋና ባህል የተዘጋጀ የጭንቀት መጠይቅም እንዲሁ በቃል በቃል ትርጉም ብቻ በሌላ አገር ትክክለኛ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ደግነቱ በሐራሬ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሕንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ቪክራም ፓቴልና ባልደረቦቻቸው፣ የሾና ተናጋሪዎች ጭንቀታቸውን በምን ቃል እንደሚገልጡ አጥንተው አሥራ አራት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅተዋል። ባለፈው ሳምንት ሐሳብ አብዝተሃል ወይ? እንቅልፍ አጥተሃል ወይ? ሥራህ ወደ ኋላ ቀርቶብሃል ወይ? ሆድህን ያምሃል ወይ? የሚሉና የመሳሰሉት ናቸው። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ሲሆን፣ እያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ከ0 እስከ 14 ይደርሳል።

በአግዳሚው ላይ ምን ይደረጋል?

ወደ ክሊኒኩ የመጣ ሰው መጠይቁን ይሞላል። ነጥቡ ከፍ ያለ እንደሆነ በግቢው ዛፍ ሥር ወዳለው የእንጨት አግዳሚ ይመራል። አያቷ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሥልጠናዋ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ቢሆንም አካሄዱ ሥርዓት ያለው ነው። መሠረቱ «ችግር ፈቺ ሕክምና» የሚባለው የሥነ ልቦና ዘዴ ሲሆን፣ አያቶቹ በራሳቸው ቋንቋ በሦስት ደረጃ ከፍለው ሰይመውታል።

የመጀመሪያው «ኩቩራ ፑንግዋ»፣ ማለትም «አእምሮን መክፈት» ነው። ሰውየው ችግሮቹን ሁሉ ይዘረዝራል፤ አያቷ ታዳምጣለች፤ ከዚያም ከተዘረዘሩት አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ትረዳዋለች። ሁለተኛው «ኩሲሙድዚራ»፣ «ማንሣት» ነው፤ ለተመረጠው ችግር ሊሆኑ የሚችሉ መፍትሔዎች ይታሰባሉ፤ አንዱ ተመርጦም በዚህ ሳምንት ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚፈጽመው ይወሰናል። ሦስተኛው «ኩሲምቢሳ»፣ «ማበርታት» ነው፤ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ የሞከረው ይገመገማል፤ ያልሆነው ይታረማል፤ የሆነው ይጸናል። ይህ እስከ ስድስት ጊዜ ይደጋገማል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። አያቶች በባህላችንም በባህላቸውም ምክር መስጠት ይወዳሉ። ሥልጠናው ግን ዋናውን ሥራ ለባለጉዳዩ ይተዋል። አያቷ «እንዲህ አድርግ» አትልም፤ «ከእነዚህ ሁሉ ዛሬ ከባዱ የትኛው ነው? ምን ማድረግ ትችል ይመስልሃል?» ብላ ትጠይቃለች። ምክንያቱም በጭንቀት የተዋጠ ሰው የጎደለው መፍትሔ ብቻ አይደለም፤ ችግሮቹ እንደተተበተበ ክር አንድ ላይ ሆነውበት ጫፉን ማግኘት ተስኖታል። ከክሩ አንዱን ጫፍ ራሱ ይዞ መሳብ መቻሉን ሲያይ፣ መቻሉን ማወቁ በራሱ መድኃኒት ይሆንለታል። ፊዚክስ አስተማሪ ለተማሪው ስሌቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ከማሳየት ይልቅ ጥያቄውን ከፋፍሎ እንዲሠራው የሚያደርገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕክምናው ሲጠናቀቅ ባለጉዳዩ «ኩባታና ቶሴ»፣ «እጅ ለእጅ መያያዝ» ወደሚባለው ማኅበር ይጋበዛል። በዚያም በአግዳሚው ያለፉ ሰዎች ተሰብስበው ያገለገለ ፕላስቲክ በእጃቸው እየሠሩ ቦርሳ ያደርጋሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም ይጨዋወታሉ። ሥራው ጥቂት ገቢ ይሆናል፤ ጨዋታው ደግሞ ብቸኝነትን ይሰብራል።

ነጥቡ ወረደ፤ ታዲያ ምን ተረጋገጠ?

በ2011 የታተመው የመጀመሪያው ጥናት አስደሳች ውጤት ይዞ ወጣ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ 320 ሰዎች ከሕክምናው በፊት በአማካይ 11.3 ነጥብ ነበራቸው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ አማካዩ ወደ 6.5 ወረደ። ብዙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እዚህ ላይ ቆመው «ውጤታማ ነን» ይላሉ። የሳይንስ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል፦ አግዳሚው ባይኖርስ ኖሮ ነጥቡ አይወርድም ነበርን?

ጥያቄው የክፋት ወይም የምቀኝነት አይደለም። በክፍላችሁ ውስጥ የሚከተለውን ሙከራ ብታደርጉ ምክንያቱን በገዛ እጃችሁ ታገኙታላችሁ። ከ1 እስከ 6 ቁጥር የተጻፈባቸው ስድስት ብጣሽ ወረቀቶች ባርኔጣ ውስጥ ይደረጉ። ስልሳ ተማሪዎች በየተራ አንድ ወረቀት እያወጡ፣ ቁጥሩን እየመዘገቡና ወረቀቱን እየመለሱ ዕጣ ይጣሉ። ከዚያ 5 ወይም 6 የደረሳቸውን «ሕሙማን» ብላችሁ ለዩአቸው። ሃያ ያህል ይሆናሉ፤ አማካይ ነጥባቸውም 5.5 ገደማ ነው። ለእነዚህ ለሃያዎቹ አንድ አንድ ብርጭቆ ውኃ አጠጧቸውና እንደገና ዕጣ ያውጡ። አዲሱ አማካይ ወደ 3.5 ይጠጋል። ውኃው ሁለት ነጥብ ያህል «ፈወሳቸው» ማለት ነውን? ፈጽሞ አይደለም። የመረጥናቸው ዕድላቸው ከፍ ባለበት ቅጽበት ስለነበር፣ ሁለተኛው ዕጣ ወደ ተለመደው አማካይ መለሳቸው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሰውም ወደ ክሊኒክ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በባሰበት ቀን ነው። የቤት ኪራይ በተጠየቀበት፣ ልጁ በታመመበት ሳምንት ነጥቡ 12 ይሆናል፤ ከስድስት ወር በኋላ ማንም ሳይረዳው እንኳ 9 ሊሆን ይችላል። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን «ወደ አማካይ መመለስ» ይሉታል። በዚህ ላይ ጊዜ ራሱ ሐኪም ነው፤ ኑሮም አንዳንድ ጊዜ ይሻሻላል፤ ተጠያቂውም ላዘነችለት አያት ደስ የሚያሰኝ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የ11.3 ወደ 6.5 መውረድ የሚያበረታታ ምልክት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ዶክተር ቺባንዳና ባልደረቦቻቸውም ይህን ያውቁ ስለነበር በዚያ አልቆሙም።

ሃያ አራቱ ክሊኒኮች

ወሳኙ ሙከራ የተካሄደው በሐራሬ 24 ክሊኒኮች ነው፤ ውጤቱም በታኅሣሥ 2016 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታተመ። በዕጣ አሥራ ሁለቱ ክሊኒኮች አግዳሚ እንዲኖራቸው፣ አሥራ ሁለቱ ደግሞ የተለመደውን አገልግሎት በተሻሻለ መልኩ እንዲሰጡ ተደረገ። በሁለተኞቹ ክሊኒኮች የመጣው ሰው ያለ እርዳታ አልተተወም፤ ነርስ ታነጋግረዋለች፤ ስለ ሕመሙ መረጃ ይሰጠዋል፤ ካስፈለገም መድኃኒት ይታዘዝለታል። አግዳሚው የተወዳደረው ከባዶ ሜዳ ጋር ሳይሆን ከተሻለ መደበኛ ሕክምና ጋር ነው።

ዕጣው ለምን ለሰዎቹ ሳይሆን ለክሊኒኮቹ ወጣ? በአንድ ግቢ ውስጥ ግማሹ ሰው አያት ዘንድ ተቀምጦ ግማሹ ቢከለከል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ያየውን ስለሚያወራ ሁለቱ ቡድኖች ይደባለቃሉ። ይህ መፍትሔ ግን ዋጋ አለው። በአንድ ክሊኒክ የተመዘገቡ ሰዎች አንድ ሰፈር፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ነርስ ይጋራሉና ፍጹም ነጻ ልኬቶች አይደሉም። በአንድ የተዛባ ማስመሪያ መቶ ጊዜ ብንለካ መቶ ነጻ ማስረጃ እንደማናገኝ ሁሉ፣ ተመራማሪዎቹም በስሌታቸው ይህን ዝምድና ማሰብ ነበረባቸው።

የተሳተፉት 573 ሰዎች ሁሉ ሲመዘገቡ 9 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ነበራቸው። ከመቶ 86ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ከመቶ 42 ያህሉም የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው የሚገኝ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ 521ዱ ተገኝተው እንደገና ተለኩ። በመደበኛው ቡድን አማካይ ነጥቡ 8.90 ነበር፤ በአግዳሚው ቡድን 3.81። መነሻው ላይ የነበሩት ልዩነቶች በስሌት ከተስተካከሉ በኋላ የሁለቱ ልዩነት 4.86 ሆነ፤ የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑም ከ4.10 እስከ 5.63 ነው። ይህን በላቦራቶሪ ቋንቋ ብንጽፈው 4.86 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.77 ያህል ነው። የተለካው ነገር ከእርግጠኛ አለመሆን ወሰኑ ከስድስት ጊዜ በላይ ይበልጣል። ይህን ያህል ልዩነት እንዲያው በዕጣ መውደቅ መጣ ለማለት እጅግ ያስቸግራል።

በሌላ መለኪያም ተመሳሳይ ነገር ታየ። የድባቴ ሕመም ምልክቶችን በሚለካ የተለየ መጠይቅ፣ ከስድስት ወር በኋላ ምልክቶቹ የታዩባቸው በመደበኛው ቡድን ከመቶ 49.9፣ በአግዳሚው ቡድን ከመቶ 13.7 ነበሩ። ልዩነቱ ከመቶ 36 ሰው ያህል ነው። እንግዲህ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡ በየሦስቱ ሰዎች አንዱ፣ በመደበኛው አገልግሎት ብቻ ቢታይ ኖሮ ከምልክቶቹ ጋር ይቀር የነበረ ሰው ነው ለማለት ይቻላል። በክሊኒክ ግቢ ላለ የእንጨት ወንበር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ያልተለካውን ማወቅ

ጥሩ ሙከራ የሚታወቀው በሚናገረው ብቻ ሳይሆን በማይናገረውም ጭምር ነው። በአዲስ መድኃኒት ሙከራ ሕመምተኛው እውነተኛውን ክኒን ይሁን ዱቄቱን መዋጡን እንዳያውቅ ማድረግ ይቻላል። አያት አጠገብ መቀመጡን የማያውቅ ሰው ግን ሊኖር አይችልም። በመሆኑም ተስፋው ራሱ ምን ያህል እንደረዳው ከንግግሩ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ልኬቱም የተወሰደው በስድስተኛው ወር ስለሆነ ስለ አምስተኛው ዓመት አይነግረንም። ተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ስለነበሩ፣ ችግሩን ለሰው መንገር እንደ ውርደት የሚቆጥር ወንድ በአግዳሚው ምን ያህል እንደሚጠቀም ውጤቱ ብዙ አያስረዳም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አግዳሚው ለሁሉም ሕመም የተዘጋጀ አይደለም። ራሱን ለማጥፋት የቆረጠ፣ ወይም ከእውነታው ጋር የነበረው ግንኙነት የተቋረጠ ሰው በሙከራው አልተካተተም። በሥራም ላይ አያቶቹ እንዲህ ያለ ምልክት ሲያዩ ራሳቸው ለመፍታት አይሞክሩም፤ ወደ ተቆጣጣሪያቸውና ወደ ሐኪም ያስተላልፋሉ። የድርጅቱ ጥንካሬ ከሚገኝባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ወሰኑን ማወቁ። ሐኪሙ ከታሪኩ አልወጡም፤ እርሳቸው ብቻ ሊያዩት ለሚገባው ሰው ጊዜ አገኙ እንጂ።

ውጤቱ ከታተመ በኋላ ሥራው ሰፋ። ዶክተር ቺባንዳ በ2017 በአደባባይ እንደገለጡት፣ በዚያን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ አያቶች ከ70 በሚበልጡ አካባቢዎች ይሠሩ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ከ30,000 በላይ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከላይ በግምት ያሰላነው የአሥራ ሁለቱ ሐኪሞች ዓመታዊ አቅም 24,000 ቀጠሮ ብቻ እንደነበር እናስታውስ። ሐሳቡ ወደ ማላዊና ወደ ዛንዚባር ተሻግሯል፤ በኒው ዮርክ ከተማም ተሞክሯል። ድሃ አገር ለሀብታም አገር ዘዴ ያበደረበት፣ ብዙ ጊዜ የማናየው ምሳሌ ነው።

በአገራችንስ?

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ለብዙ አሠርት ዓመታት በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሐኪም ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ክፍተቱ ምን ያህል እንደሆነ በቡታጅራ የተካሄደው ሰፊ ጥናት አሳይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው በዚህ ጥናት፣ የሠለጠኑ ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ከ68,000 በላይ ሰዎችን አነጋገሩ። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና ከቶ አግኝተው አያውቁም ነበር።

የእኛም ተመራማሪዎች ከሐራሬ ጋር የሚመሳሰል ጥያቄ አንሥተው በጥብቅ ሙከራ ፈትነውታል። በ2022 ውጤታቸው ከታተመ ሁለት ጥናቶች አንዱ በ329 ጽኑ የአእምሮ ሕሙማን ላይ የተደረገ ነው፤ በጤና ጣቢያ ያሉ ሠራተኞች ሠልጥነው የሚሰጡት ሕክምና በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው ያነሰ አለመሆኑን አሳይቷል። ሁለተኛው በጉራጌ አካባቢ ገጠር በ48 ንዑስ ወረዳዎች 166 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን የያዘ ነው። በዚህኛው የሕክምና ሙያ የሌላቸው የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው በየቤቱ እየሄዱ፣ ከጤና ተቋሙ ሕክምና በተጨማሪ ቤተሰቡንና ማኅበረሰቡን ሲያግዙ፣ ሕሙማኑ የዕለት ኑሯቸውን የመምራት አቅማቸው በተቋም ሕክምና ብቻ ከሚረዱት ይልቅ ተሻሽሏል። እነዚህ ሕመሞች በሐራሬ ከተፈተነው «ሐሳብ ማብዛት» እጅግ የከበዱ ስለሆኑ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። የሚያመሳስላቸው ዘዴው ነው፤ ሥራውን ለሠለጠነ የቅርብ ሰው ማካፈል፣ ከዚያም መርዳቱን በማነጻጸር መፈተን።

አንዳንድ አንባቢ «እኛ እድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ የቡና ጎረቤት አለን፤ አግዳሚ ምን ያደርግልናል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሀብቱም እውነተኛ ነው። ነገር ግን በቡና ላይ የሚሰማ ኀዘን ሁሉ ምስጢር ሆኖ አይቀርም፤ «አይዞህ፣ ያልፋል» የሚለው ቃልም ምንም ከፍቅር ቢመነጭ ችግሩን ከፋፍሎ አያሳይም። የሐራሬ አያቶች ቀድሞ በነበራቸው ደግነት ላይ የጨመሩት ሦስት ነገር ነው፦ ሥርዓት ያለው አደማመጥ፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ለሐኪም የማስተላለፍ ግዴታና ውጤቱን ለመለካት ፈቃደኛ መሆን። የእኛ እድርና ማኅበርም እነዚህን ሦስቱን ቢጨምር ምን ያህል እንደሚረዳ በግምት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ የሚለካው ተማሪ ይጠብቃል።

ይህ መጽሔት በየዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍልና በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይነበባልና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አጠገባችሁ ያለ ጓደኛ እንቅልፉን ሲያጣ፣ ትምህርቱ ወደ ኋላ ሲቀርበትና ከሰው ሲሸሽ ብታዩ፣ ምክር ከማዝነብ በፊት አዳምጡት፤ ከችግሮቹም ዛሬ የሚነካው አንዱ የትኛው እንደሆነ አብራችሁ ፈልጉ። መኖር እንዳስጠላው ወይም ራሱን ሊጎዳ እንደሚያስብ ከተናገረ ግን ነገሩ ከጓደኛ አቅም በላይ ነው። ብቻውን አትተዉት፤ ምስጢር ጠብቁ ቢላችሁም ሳትዘገዩ ለሚታመን ታላቅ ሰው ነግራችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አያቶቹም ቢሆኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ደግነት ይለካልን? የደግነት ምንጩ አይለካ ይሆናል፤ አንዲት አያት ከማታውቀው ሰው አጠገብ የምትቀመጥበትን ምክንያት የሚጽፍ ቀመር የለንም። ፍሬው ግን ይለካል። እንዲለካ መፍቀድም ደግነትን አያሳንሰውም፤ ጊዜው አጭር፣ ገንዘቡም ጥቂት የሆነ ድሃ ሰው ከማይረዳው ነገር ፊት እንዳይቀመጥ ይጠብቀዋልና።